አምስት ወንድማማቾች ያለ ልጅ ሲሞቱ፦ የማርሻሎች መሬት የት ገባ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ዊሊያም ማርሻል የሚባለው የእንግሊዝ ባላባት አምስት ወንዶችና አምስት ሴቶች ልጆች እንደነበሩት አነበብኩ። በ1245 ግን ወንዶቹ በሙሉ ያለ ልጅ አልቀው ቤቱ ተዘጋ ይላል። የትውልድ ሐረግ ገጾችን ስከፍት ደግሞ ግማሹ የእንግሊዝ መኳንንት ከእሱ ይወለዳል። የቱ ነው እውነቱ? ያ ሁሉ መሬትስ ማን እጅ ገባ? የጳጳስ እርግማን ነው ያጠፋቸው የሚሉም አሉ።»

ሁለቱም ያነበቡት ልክ ነው። በ1245 ያበቃው በወንድ የሚቆጠረው መስመር ነው፤ ስሙም አብሮ ሄደ። ደሙ ግን በአምስቱ ሴቶች ልጆች በኩል ቀጥሏል። መሬቱም ደሙን ተከትሏል። የዚህን ቤት ታሪክ ስም ብቻ እየተከተለ የሚያነብ ሰው መሃል ላይ ገመዱ ይበጠስበታል። መሬቱን የተከተለ ግን አይጠፋበትም። እኔም በዚያው መንገድ ልሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊሊያም በ1146 ወይም በ1147 ገደማ ሲወለድ የሚወርሰው ነገር አልነበረውም። አባቱ ጆን የንጉሡ ባልደራስ ነበር፤ ማርሻል የሚለው መጠሪያም የመጣው ከዚያ ሹመት ነው። ሀብቱ መካከለኛ የሚባል ነበር። ከሁለት ሚስቶች ወልዷል፤ ዊሊያም አራተኛው ወንድ ነው። አራተኛ ወንድ ልጅ በዚያ ዘመን ፈረስና ሰይፉን ይዞ እንጀራውን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ነው። አባትየውም ብዙ የሚሳሳለት አይመስልም። በ1152 ንጉሥ እስጢፋኖስ ልጁን መያዣ አድርጎ ሲያስፈራራው፣ ሌላ ልጅ የሚቀጠቅጥበት መዶሻና መስፍ እንዳለው መለሰ ይባላል። ደግነቱ ንጉሡ አልጨከነም።

ሀብቱ የመጣው በ1189 በጋብቻ ነው። ዊሊያም ያኔ አርባን አልፏል። ለረጅም አገልግሎቱ ውለታ ኢዛቤል ደ ክሌር የምትባል 17 ዓመት ገደማ የሆናት ወራሽ ተዳረችለት። አባቷ ስትሮንግቦ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሪቻርድ ደ ክሌር ነው። እናቷ ኢፋ ደግሞ የአየርላንዱ የሌንስተር ንጉሥ የደርሞት ማክመሮ ልጅ ናት። አንድ ወንድም ነበራት፤ ለአካለ መጠን ሳይደርስ ሞተ። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ንብረት እሷ ላይ ተጠቃለለ።

ንብረቱ ቀላል አልነበረም። በዌልስ ድንበር የስትሪጊል ግዛት አለ፤ መቀመጫው የቼፕስቶ ግንብ ነው። በአየርላንድ ከሞላ ጎደል ሌንስተር በሙሉ። በኖርማንዲ ኦርቤክ። በዚህ ላይ የጊፋርዶች ቤት ንብረት ግማሹ፦ በኖርማንዲ ሎንግቪል፣ በእንግሊዝ ካቨርሻምና ሎንግ ክሬንደን። የጊፋርዶቹ ነገር ራሱ የሚገርም ነው። የመጨረሻው ዋልተር ጊፋርድ በ1164 ያለ ልጅ ሞተ። ከእሱ በፊት ግን፣ እንግሊዝን ወርሮ በያዘው በንጉሥ ዊሊያም (ድል አድራጊው በሚባለው) ዘመን፣ ሮሄዝ የምትባል የዚያ ቤት ልጅ ወደ ክሌሮች ተድራ ነበር። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በእሷ ስም ንብረቱ ለሁለት የክሌር ቅርንጫፎች ተከፈለ፤ አንዱ ግማሽ ለኢዛቤል ደረሰ። የፔምብሮክ ኧርልነት (ኧርል በእንግሊዝ ከከፍተኞቹ የመኳንንት ማዕረጎች አንዱ ነው) ደግሞ ከስትሮንግቦ ተነጥቆ የቆየ ማዕረግ ነው። ንጉሥ ጆን በ1199 ሲነግሥ ለዊሊያም መለሰለት።

ከራሱ ወገን ያገኘው ከዚህ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ1194 ታላቅ ወንድሙ ጆን ሲሞት የባልደራስነቱ ሹመትና በበርክሺር ያለው ሃምስቴድ ማርሻል ወደ እሱ መጡ። ይኼው ነው። የማርሻል ቤት የሚባለው ሀብት አብዛኛው የኢዛቤል ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች «የዊሊያም መሬት» ሲሉ ትንሽ ቅር ይለኛል።

የቀረውን የዊሊያምን ታሪክ ሌላ ቦታ ስለሚያገኙት አልፈዋለሁ። በ1216 ለሕፃኑ ለንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ እንደራሴ ሆነ፤ በግንቦት 1217 በሊንከን ጦርነት ድል አደረገ፤ ግንቦት 14 ቀን 1219 በካቨርሻም ሞተ። የተቀበረው ለንደን፣ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ነው። ኢዛቤል በዓመቱ ተከተለችው።

አሁን ወደ ወንዶቹ። ታላቁ፣ እሱም ዊሊያም፣ የመጀመሪያ ሚስቱ በወጣትነቷ ሞተችበት። በ1224 የንጉሡን እህት ኤሌኖርን አገባ። ልጅቷ ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበረች! እሱ በ1231 ሲሞት አሥራ ስድስትም በቅጡ አልሞላትም። ልጅ አልነበራቸውም። ቀጣዩ ሪቻርድ በኖርማንዲ ያለውን መሬት ይዞ የሚኖር ሰው ነበር። ኧርል በሆነ በሁለት ዓመቱ በንጉሡ ላይ አመፀ። ሚያዝያ 1234 አየርላንድ ውስጥ ኩራ በሚባለው ሜዳ ቆስሎ ኪልኬኒ ላይ ሞተ። ሦስተኛው ጊልበርት ለቤተ ክህነት የታሰበ ነበር፤ ወንድሙ ሲሞት ቆቡን ጥሎ ኧርል ሆነ። የስኮትላንዱን ንጉሥ እህት አገባ። በ1241 በሄርትፎርድ በተደረገ የፈረስ ግጥሚያ ልጓሙ ተበጥሶ ወደቀ፤ እግሩ እርካቡ ውስጥ ተሰንቅሮ ፈረሱ ጎተተውና ሞተ። አራተኛው ዋልተር ኅዳር 1245 ጉድሪች ግንብ ውስጥ፣ አምስተኛው አንሰልም ታኅሣሥ 1245 ቼፕስቶ ውስጥ ሞቱ። በሁለቱ ሞት መካከል አንድ ወር ገደማ ነው ያለው። አንሰልም ኧርል ተብሎ ለመሾም እንኳ ጊዜ አላገኘም።

እርግማኑን እዚህ ላይ ላንሳው። የሚተርከው በሴንት ኦልባንስ ገዳም የነበረው መነኩሴ ማቴዎስ ፓሪስ ነው። አባትየው ዊሊያም በአየርላንድ የፈርንስን ጳጳስ ሁለት ርስቶች ወስዶ አልመልስም አለ፤ ጳጳሱም አወገዘው። ዊሊያም ከሞተ በኋላ ጳጳሱ ለንደን ድረስ ሄዶ፣ መሬቱ ይመለስና ልፍታው አለ። ልጆቹ እምቢ አሉ። ጳጳሱም ስማቸው በአንድ ትውልድ እንዲጠፋ ረገመ። በመሬቱ መጣላታቸውና መወገዙ የታወቀ ነገር ነው። ስለ እርግማኑ ግን ልብ ይበሉ፦ መነኩሴው ታሪኩን ያጠናቀረው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ የተጻፈ ትንቢት አይስትም። ልጅ ያለመኖሩን ምክንያት ለማግኘት ያን ያህል ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አንዱ ሕፃን አገባ፣ አንዱ በጦርነት ሞተ፣ አንዱ ዕድሜውን ያጋመሰው በቤተ ክህነት ነው፣ አንዱ በ1242 አግብቶ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ደግሞስ እርግማኑ ሴቶቹን አልነካም።

የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ የውርስ ሕግ ግልጽ ነበር። ወንድ ልጅ ካለ ታላቁ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ እሱ ያለ ልጅ ከሞተ ለተከታዩ ወንድም ያልፋል። ወንድ ሲያልቅ ሴቶቹ ይመጣሉ፤ እነሱ ግን በታላቅነት ሳይሆን እኩል ይካፈላሉ። የሞተች እህት ድርሻ ለልጆቿ ነው። የጎጃምንና የጎንደርን የርስት ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ሴት መውረሷ ብርቅ አይደለም። ብርቁ አንድ ወንድ በሕይወት እስካለ ድረስ ሴቷ ከጋብቻ ስጦታዋ በቀር ምንም አለማግኘቷ ነው። አንሰልም እስከሞተበት ቀን ድረስ እህቶቹ በወላጆቻቸው ሰፊ ግዛት ላይ የውርስ ድርሻ አልነበራቸውም። በማግስቱ ሁሉም የእነሱ ሆነ።

ያኔ በሕይወት የነበሩት ታላቋ ሞድና ኢቫ ብቻ ናቸው። ኢቫም በ1246 ሞተች። የክፍፍሉ ወረቀት በ1247 ሲያልቅ በቀጥታ የምትወርሰው ሞድ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ድርሻዎች ለልጆች ሄዱ። መሬቱን ያካፈሉት ሰዎች ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ሌንስተርን በአምስት ሲከፍሉ እያንዳንዱ ድርሻ በዓመት 343 ፓውንድ ገደማ እንዲያስገባ አድርገው ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ዋና ግንብና በዙሪያው ያለ አገር ደረሰው።

ሞድ ካርሎን አገኘች። በዌልስ ድንበር ደግሞ ቼፕስቶን፣ በእንግሊዝ ሃምስቴድ ማርሻልን። ሹመት እንደ መሬት አይሸነሸንምና የባልደራስነቱም ማዕረግ ለታላቋ ለእሷ ሆነ። ሁለት ጊዜ አግብታለች፤ መጀመሪያ የኖርፎክን ኧርል ሂው ቢጎድን፣ ቀጥሎ የሰሬይን ኧርል ዊሊያም ደ ዋረንን። በ1248 ስትሞት ሁሉም ለቢጎድ ልጇ ለሮጀር ሄደ። ከዚያ ለወንድሙ ልጅ፣ ለሌላው ሮጀር። ይህ ሁለተኛው ሮጀር ልጅ አልነበረውም። በ1302 መሬቱን ለንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ አስረክቦ፣ ከራሱ አብራክ ለሚወለድ ብቻ እንዲተላለፍ ተደርጎ መልሶ ተቀበለ። በ1306 ሞተ። ጆን የሚባል ወንድም ነበረው፤ ባዶ እጁን ቀረ። ዘውዱ ካርሎንም ቼፕስቶንም ወሰደ። የማርሻልነቱ ሹመት በ1316 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሁለተኛ የአባት ልጅ ወንድም ለቶማስ ኦፍ ብራዘርተን ተሰጠ፤ ዞሮ ዞሮም የኖርፎክ መስፍኖች እጅ ገባ። በ2023 የንጉሥ ቻርልስን ዘውድ መጫን ሥነ ሥርዓት ያሰናዳው ኧርል ማርሻል የዚያ ሹመት ባለቤት ነው። ሹመቱ ግን ከዊሊያም በውርስ የወረደ አይደለም። በ1306 ተቋርጦ በንጉሥ ስጦታ እንደገና የተጀመረ ነው።

ሁለተኛዋ ኢዛቤል ለግሎስተር ኧርል ለጊልበርት ደ ክሌር ተድራ ነበር። ኪልኬኒ፣ አስክና ካርሊየን ለልጇ ለሪቻርድ ደረሱ። ይህ መስመር በ1314 በባኖክበርን ጦርነት ላይ ተቆረጠ፤ የልጅ ልጁ ጊልበርት እዚያ ወደቀ። ንብረቱም እንደገና ለሦስት እህቶች ተከፈለ። በዚያው ቀን ከማዶ በኩል ጦሩን ያዘዘው የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስም የዚህችው የኢዛቤል ማርሻል ዘር ነው፦ ኢዛቤል ኢዛቤልን ወለደች፣ ያቺ ሮበርት ብሩስን፣ እሱ ደግሞ ንጉሡን። ሁለቱም የዊሊያም ማርሻል የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ዝምድናውን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ያገዳቸው ነገር ግን የለም።

የሦስተኛዋን የሲቢልን ድርሻ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ። የትውልድ ሐረግ ሠሪዎች ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሲቢል በኋላ የደርቢ ኧርል የሆነው ዊሊያም ደ ፌረርስ ሚስት ነበረች። ሰባት ልጆች ወለደች፤ ሰባቱም ሴቶች፦ አግነስ፣ ኢዛቤል፣ ሞድ፣ ሲቢል፣ ጆአን፣ አጋታና ኤሌኖር። ድርሻቸው ኪልዴር ነው። አንድ አምስተኛ ለሰባት ሲከፈል ለእያንዳንዷ የጠቅላላው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ይደርሳታል ማለት ነው። እሱም ወዲያው አልተገኘም። በዚያ ዘመን ባል ለሞተባት ሴት ከባሏ መሬት ሲሶው እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይገባት ነበር። የዋልተር ማርሻል ሚስት ማርጋሬት ደ ኩዊንሲ፣ በራሷ መብት የሊንከንን የኧርልነት ማዕረግ የያዘች ሴት፣ ኪልዴርን በዚህ ሲሶ ይዛ ቁጭ አለች። የሞተችው በ1266 ነው። ሰባቱ እህቶች በወረቀት የእነሱ የሆነውን ግንብ ሃያ ዓመት ገደማ ጠበቁ።

ግንቡ በመጨረሻ በታላቋ በአግነስ በኩል ለልጇ ለዊሊያም ደ ቬሲ ደረሰ። እሱ ከጎረቤቱ ከጆን ፊትስቶማስ ጋር ክፉኛ ተጣላ። በ1297 ኪልዴርን ለንጉሡ አስረከበና ተገላገለ። በ1316 የኪልዴር ኧርል ተብሎ የተሾመው ማን መሰለዎት? ያው ባላንጣው ፊትስቶማስ።

ወጥመዱ ደግሞ እዚህ አለ። ዊሊያም ደ ፌረርስ ከሲቢል ቀጥሎ ሌላ ሚስት አገባ። የእሷም ስም ማርጋሬት ደ ኩዊንሲ ነው! ሁለቱ ማርጋሬቶች የወንድማማቾች ልጆች ናቸው። ቀጣዩን የደርቢ ኧርል ሮበርትን የወለደችው ይህች ሁለተኛዋ ናት። ስለዚህ ከኧርል ሮበርት ደ ፌረርስ የሚወለድ ሰው በእሱ በኩል የማርሻል ደም የለውም። የሰባቱ እህቶች ዘር ግን አለው። ሁለቱን የሚያደበላልቁ የሐረግ ሠንጠረዦች ኢንተርኔቱን ሞልተውታል።

አራተኛዋ ኢቫ የዊሊያም ደ ብራዮዝ ሚስት ነበረች። ባሏን በ1230 የዌልሱ ልዑል ሌወሊን ከሚስቱ ጋር አገኘሁት ብሎ ሰቀለው። የሟች ልጅ ኢዛቤላ ያኔ ለሌወሊን ልጅ ለዳቪድ ታጭታ ነበር። ጋብቻው አልተሰረዘም፤ መሬት ነበረበታ። ኢዛቤላ ሳትወልድ ቀረች። የኢቫ ድርሻ በሦስቱ የኢዛቤላ እህቶች በኩል ወደ ሞርቲመር፣ ወደ ካንቲሉፕና ወደ ቦሁን ቤቶች ገባ። የአየርላንዱ የዱናሜዝ ግንብ ለሞርቲመሮች፣ በዌልስ ሃቨርፎርድ ለቦሁኖች። ከቦሁኖች ሜሪ ደ ቦሁን ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛን ወለደች። ከሞርቲመሮች ደግሞ በአን ሞርቲመር በኩል በ1461 የነገሠው ኤድዋርድ አራተኛ መጣ። በዙፋን ተፋጅተው የነበሩት ሁለቱም ቤቶች፣ ላንካስተርና ዮርክ፣ ከኢቫ ማርሻል ይወለዳሉ ማለት ነው። «ግማሹ መኳንንት ከእሱ ይወለዳል» ያሉት ከዚህ የመጣ ነው፤ ማጋነን አይደለም።

ትንሿ ጆአን የዋሪን ደ ሙንቼንሲ ሚስት ነበረች። ዌክስፎርድና ፔምብሮክ በእሷ ድርሻ ወደቁ። ወንድ ልጇ ጆን በ1247 ሞተ። በዚያው ዓመት እህቱ፣ እሷም ጆአን፣ ከፈረንሳይ ለመጣው ለንጉሡ የእናት ልጅ ለዊሊያም ደ ቫለንስ ተዳረች። ሄንሪ ለወንድሙ እንጀራ ሲፈልግለት ነበር፤ ሲከፈት የቆየ በር አገኘ። ልጃቸው ኤይመር በ1324 ያለ ሕጋዊ ወራሽ ሲሞት ነገሩ እንደገና ወደ ሴቶች ዞረ። ፔምብሮክ ወደ ሄስቲንግስ፣ ጉድሪች ወደ ታልበት ቤት ሄዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1231 በአሥራ አምስት ዓመቷ ባሏ የሞተባት ኤሌኖርን ያስታውሷታል? ለአየርላንድና ለዌልስ ሲሶዋ በዓመት 400 ፓውንድ እንዲከፈላት ተስማማች። ያነሰ ነበር፤ ልጅ ነበረችና ማን ሰማት። በ1238 ሲሞን ደ ሞንትፎርትን አገባች፤ ከ1245 በኋላም ያ ክፍያ በወራሾቹ ሁሉ ላይ ተበታተነ። ባልና ሚስት ንጉሡን አስጨነቁት። በ1259 ከፈረንሳይ ጋር የፓሪስ ውል ሊፈረም ሲል ኤሌኖር በፈረንሳይ መሬት ላይ ያለኝን መብት አልለቅም ብላ ነገሩን አጓተተችው። በኋላ ሲሞን በንጉሡ ላይ ጦር ሲመዝ ከቅሬታዎቹ አንዱ ይህ የሚስቱ ሲሶ ነበር።

ሐረግ እየሠሩ ከሆነ ሦስት ነገር ያስተውሉ። «የፔምብሮክ ኧርል» የሚል ባዩ ቁጥር መጀመሪያ ዓመቱን ይዩ፤ በዚያ ማዕረግ ክሌሮች፣ ማርሻሎች፣ ቫለንሶችና ሄስቲንግሶች ተፈራርቀዋል። ኢዛቤል፣ ሪቻርድና ዊሊያም የሚሉ ስሞች ብቻቸውን ምንም አይነግሩዎትም፤ ሰውየው የያዘውን ግንብ አብረው ይጻፉ። ከ1245 በኋላ ማርሻል የሚባል ባላባት ካጋጠመዎት ደግሞ የእንደራሴው የዊሊያም ዘር ነው ብለው አይቸኩሉ። በኖርፎክ ሂንገም የነበሩት ማርሻሎች የመጡት ከታላቅ ወንድሙ ከጆን፣ ከጋብቻ ውጭ ከተወለደ ልጅ ነው። ያ ልጅ ሕጋዊ ወራሽ ስላልነበረ ነው በ1194 ሀብቱ እሱን ዘሎ ለዊሊያም የደረሰው።